ነርስ ሆኖ ጡረታ መውጣት፦ አንድ ጥያቄና 38 መልሶች

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የጻፈችው ልጅ 24 ዓመቷ ነው። በአንድ የዞን ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ጀነሪክ የሚባለው የአጠቃላይ ነርሲንግ ዲግሪ አላት፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም በመጀመሪያው ሙከራ አልፋለች። የጠየቀችው ስለ ደሞዝ አይደለም፣ ስለ ቪዛም አይደለም። ነርስ ሆና ጡረታ መውጣት ትፈልጋለች፤ እንዴት እንደሚሆን ግን አልገባትም። ዋርዳቸው ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ያለች ነርስ አንድ ብቻ ናት፣ እሷም ሄድ ነርሷ፣ የዋርዱ ኃላፊ። የቀሩት የት ገቡ? የውይይቱ መነሻ ይኼው ነው።

ጥያቄው ያዘኝ። እኔ 11 ዓመት ዋርድ ላይ ቆሜ ነው ወደ ማስተማሩ የዞርኩት። በ24 ዓመቴ ግን ከነገ ዱቲ (የተረኝነት ሥራ) አልፎ የሚሄድ ሐሳብ አልነበረኝም። ከሥሯ 38 መልስ ተደረደረ። እንደ ቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ፤ የሚዘለለውን እዘላለሁ።

1ኛው በርቺ እህቴ የሚል ነው፣ ከሦስት የጸሎት እጅ ጋር። 2ኛው አንድ መስመር ነው፤ ያለችው መልስ ከአገር ውጡ ናት። እዚህ የቀረ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም ጨምሮ ጽፏል፣ እሱን ትቼዋለሁ።

3ኛው ከሪያድ ነው። ስድስት ዓመት የሠራ ልጅ፣ ጨዋ ነው፣ እህቴ እያለ ነው የሚጽፈው። የዋርድ ሁለት ዓመቷ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከሚጠይቁት ልምድ ጋር እንደሚገጥም ነገራት። ከዚያ ዳታፍሎው የሚባለውን አብራራላት። ዲግሪዋን፣ ፈቃዷንና የሥራ ልምዷን ከየምንጩ የሚያጣራ ድርጅት ነው። የልምድ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የሰው ኃይል መዝገብ ላይ ካለው ጋር በአንድ ወር እንኳ ቢለያይ ነገሩ ይጎተታል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሳትወጣ፣ የሚያውቋት ሰዎች ገና ወንበራቸው ላይ እያሉ፣ ደብዳቤዋን ታጽፍ። የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫዋንም እንዲሁ። ሲጨርስ ለዚህ ሁሉ ደላላ እንደማያስፈልግ ጻፈ።

4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው የደላላውን ስልክ ጠየቁት።

7ኛው ላይ አየሩ ተበላሸ። ሰውየው ነርሲንግ የሐኪምነት ትምህርት ያልደረሰው ሰው የሚጣልበት ቦታ ነው፣ በመጣያ ላይ ደግሞ የዕድሜ ልክ ዕቅድ አይወጣም የሚል ነገር ለጠፈ። ስድብ ይዘንባል ብዬ ነበር። 8ኛዋ ግን ያልጠበቅኩትን መለሰች። ነርሲንግ አምስተኛ ምርጫዋ እንደነበር፣ የምደባው ውጤት የወጣ ቀን ስታለቅስ እንዳደረች አመነች። አሁን ዘጠነኛ ዓመቷ ነው፣ የሕፃናት ክፍል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው የስምንት ወር ልጅ ሲመጣ፣ እጁ ላይ ያለው ደም ሥር ሁሉ ተኝቶ፣ ሁለት ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪሞች) ወግተው ወግተው ሲያቅታቸው የሚጠሩት እሷን ነው። እናትየው የስልኳን መብራት ትይዝላታለች። እሷ የልጁን ራስ በግራ እጇ ደግፋ፣ ከጆሮው በላይ ያለችውን ቀጭን ሥር በጣቷ እየዳሰሰች ትፈልጋለች። ደሙ ካኑላው፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ውስጥ ብልጭ ሲል እናትየዋ ቀድማ ታያለች። 7ኛውን ሰው በስሙ እንኳ ሳትጠራው ጨረሰች። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም።

9ኛው ግን ዝም ማለት አልቻለም፣ ታሪክ ይዞ መጣ። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝ አገር በስደት ሳለች ነርስነት ተምራ የተመረቀች ናት፤ ስለዚህ መጣያ የሚለው ሰው ቤተ መንግሥቱን ነው የሰደበው። ነገሩ እውነት ነው። ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነው የሠለጠነችው። ግን አዲስ አበባ እንዳረፈች ጽፎ ነበር፣ 10ኛው አረመው። በ1934 ዓ.ም. ያረፈችው ነቀምት ነው፤ መታሰቢያ ሆስፒታሉ ነው አዲስ አበባ የተሠራው፣ ኋላ የጦር ኃይሎች የሆነው። ይህን ሁሉ የምታነበው የ24 ዓመት ልጅ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነበር።

11ኛዋ ስትመጣ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። 31 ዓመት በሙያው ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ የጻፉት ሁሉ ሲስተር እያሉ ነው የጠሯቸው። ጥያቄውን በትክክል ያነበቡት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው፦ የቀሩት የት ገቡ? አብረዋቸው የተመረቁትን 26 ሰዎች አንድ በአንድ አስታወሱ። ሰባቱ አሜሪካ። አራቱ አረብ አገር ሄደው ሁለቱ ተመልሰዋል። ሦስቱ ሌላ ዲግሪ ይዘው መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ መድኃኒት ቤት ከፍተዋል። ሦስቱ አርፈዋል። ሁለቱ የት እንዳሉ አያውቁም። አምስቱ አሁንም ነጭ ጋወን ለብሰዋል፣ እሳቸው ስድስተኛዋ።

እነዚያ ስድስቱ ምን አደረጉ? ሲስተር ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ማንኛቸውም ከስድስት ዓመት በላይ አንድ ክፍል አልተቀመጡም። ወገባቸው ሳያስገድዳቸው ነው የሚቀየሩት። እሳቸው ራሳቸው ከውስጥ ደዌ ዋርድ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ከዚያ ወደ ድንገተኛ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኢንፌክሽን መከላከል ሥራ ሄዱ። እያንዳንዱ ዝውውር በጤናቸው ጊዜ ነው የተጠየቀው። ወገቧ ከታመመ በኋላ የምትጠይቅ ነርስ ባዶ ወዳለበት ትመደባለች። ገና ጤነኛ ሳለች የምትጠይቅ ግን ትመርጣለች።

12ኛው ወንድ ነርስ ነው፣ የሲስተርን ነገር በራሱ ጀርባ አስረዳ። ሌሊት ነው፣ ለ30 ሕሙማን ሁለት ነርስ። ስትሮክ የመታቸው ከባድ ሰውዬ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው፣ አለበለዚያ ጀርባቸው ይቆስላል። ጓደኛው ሌላ ክፍል ደም ልታስጀምር ሄዳለች። አስታማሚው ኮሪደር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል፣ ሊቀሰቅሰው አሳዘነው። ብቻውን ጎትቶ አዞራቸው። ወገቡ ላይ እንደ ክር የተበጠሰ ነገር ተሰማው፣ ቻርቱን ጽፎ ነው ያደረው። አሁን ዲስኩ ወጥቷል። 34 ዓመቱ ነው። የሚመክራት አስታማሚውን እንድትቀሰቅስ ነው።

13ኛዋ ስለ መርፌ መወጋት ጻፈች። ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ስንቱ ነርስ ነው ይህን ሳያውቅ የሚሠራው። ክዳኑን ልትመልስ ስትል አውራ ጣቷን ወጋት። አፍራ ለማንም ሳትናገር ዋለች። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት። በሁለተኛው ቀን ማታ እህቷ ጎትታ ወሰደቻት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፣ እሷ አንዱን ወስዳ ሁለቱን ረስታዋለች። እስከ ጡረታ መሥራት የምትፈልግ ልጅ ከማስተርሱ በፊት ሦስቱን ክትባት ትጨርስ ነው ምክሯ። ተማሪዎቼን የማስፈራራበት ታሪክ አገኘሁ።

14ኛው እኔ ነኝ። ብልህ ሆኜ ልታይ ፈልጌ ስለ አሜሪካው የነርስ ፈቃድ ፈተና፣ ስለ ኤንክሌክስ ጻፍኩ። ከ75 ጥያቄ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፈተናውን ሊያቆም እንደሚችል አስረዳሁ። 15ኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰብኝ፦ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ዝቅተኛው የጥያቄ ብዛት 85፣ ከፍተኛው 150 ነው፣ ጊዜውም አምስት ሰዓት። ከየት ዘመን እንደመጣሁም ጠየቀኝ። ልክ ነው፣ የእኔ መረጃ የጓደኛዬ ነበር፣ ጓደኛዬም የተፈተነችው ድሮ ነው። አመስግኜ ቁጭ አልኩ።

16ኛዋ ሜሪላንድ ነው ያለችው፣ ውይይቱ ውስጥ ከሲስተር ቀጥሎ የጠቀመችን እሷ ናት። በዲቪ ገባች፣ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) አረጋውያን ቤት ጀመረች፣ አሁን አርኤን፣ ማለትም ፈቃድ ያላት ሙሉ ነርስ ናት። ችግሩ እንግሊዝኛ ወይም ፈተና ይመስለን ነበር። እሷን ዓመት ከመንፈቅ ያቆያት ወረቀት ነው። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግመው ሲጂኤፍኤንኤስ፣ አሁን ስሙን ትሩሜሪት ያለው፣ ውጤት ብቻ አይበቃውም። በአዋቂዎች ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ወሊድ፣ በአእምሮ ሕክምና በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት ክፍል እንደተማርሽ፣ ስንት ሰዓት ሆስፒታል እንደተለማመድሽ ይጠይቃል። የተማረችበት ትምህርት ቤት ይህን ሰዓት ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው እስኪያገኝ ወንድሟ በየሳምንቱ ሬጅስትራር ተመላልሷል። በመጨረሻ ፖስታው ሲሰጠው፣ የታሸገውን፣ በትክክል መጻፉን ላረጋግጥ ብሎ ታክሲ ውስጥ ከፈተው። ትምህርት ቤቱ አሽጎ በቀጥታ ካልላከው ዋጋ የለውም። እንደገና ከዜሮ። ወንድሟን እስካሁን ትወደዋለች፤ ፖስታውን ግን አልረሳችም።

እሷው ሌላም ጨመረች፣ ይኼኛው ጠብ አመጣ። አሁን አሁን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ስፔሻሊቲ (አንድ ልዩ የነርሲንግ ዘርፍ) ይሰጣል። ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) ብቻ ወይም አንድ ስፔሻሊቲ ብቻ የተማረ ሰው፣ አጠቃላይ ነርሲንግ ስላልተማረ፣ ለአርኤን ፈተና ለመቀመጥ ይቸገራል። ጠያቂዋ ጀነሪክ ስላላት በሯ ክፍት ነው። 17ኛዋ ሚድዋይፍ ናት፣ ተናደደች። የእነሱ ሙያ የነርስ ቅርንጫፍ እንዳልሆነ፣ በራሱ የቆመ ሙያ እንደሆነ፣ ሁሉን ነገር በአሜሪካ ሚዛን መመዘን እንደሰለቻት ጻፈች። አባባሏ ስለታም ነው፣ ግን ልክ ናት። 16ኛዋ በ18ኛው ላይ ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ያለችው ስለ ፎርሙ እንጂ ስለ ሙያው እንዳልሆነ አስረዳች። ሁለቱ ኋላ በግል ሳያወሩ አልቀሩም።

ከ19 እስከ 21 ያሉት ወንድ ነርስን ሕመምተኛው ለምን ዶክተር ይለዋል፣ ሐኪሟን ለምን ሲስተር ይላታል በሚለው ላይ ናቸው። የሚያስቅ ነበር፣ ግን የትም አልሄደም።

22ኛው ለንደን ነው። ስለ እንግሊዝ የሚያወራ ደላላ ሲመጣ እንድትጠረጥር አስጠነቀቃት። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 የዘረዘራቸው 55 አገሮች አሉ፣ ኢትዮጵያም አለችበት። ከእነዚህ አገሮች የእንግሊዝ መልማይ ድርጅት ሄዶ ሰው ማደን አይችልም። ነርሷ ራሷ ፈልጋ በቀጥታ ማመልከት ግን ትችላለች። የእንግሊዝኛ ፈተናው ከባድ ነው፤ አይኤልትስ 7፣ ጽሑፉ ብቻ በ6.5 ይታለፋል። 23ኛው ይህን ሲያነብ ፈነዳ፤ ዝርዝሩን አጥር ነው፣ ድሃን ከድህነቱ ጋር ማሰር ነው አለው። 24ኛው ረጋ አድርጎ መለሰለት፦ ዝርዝሩ የሚከለክለው አዳኙን እንጂ ነርሷን አይደለም፣ 22ኛውን ደግመህ አንብብ። ደግሞ ያነበበ አይመስለኝም።

25ኛው ጀርመን አገር አውስቢልዱንግ በሚባለው የሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት እየተከፈላት እየተማረች ያለች ልጅ ናት። የተመረቀ ነርስ ግን እንደ አዲስ መጀመር የለበትም፣ ዲግሪውን አስመዝኖ ቢ2 በሚባለው ደረጃ ጀርመንኛ ችሎ መግባት ይችላል፤ እሷ ይህን ያወቀችው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። 26ኛው የትኛው ጫማ እግር አያሳብጥም ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

ከዚያ 27ኛዋ መጣች። አጭር ነው የጻፈችው። 43 ዓመቷ ነው። በ23 ዓመቷ ጀመረች። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል፣ ሪያድ ሰባት ዓመት፣ በመሀል ቪዛ ስትጠብቅና ልጅ ስታሳድግ ሦስት ዓመት፣ አሁን አሜሪካ አራት ዓመት። 17 ዓመት ሕሙማን አገላብጣለች፤ ለጡረታ የሚቆጠርላት ግን የትም አገር አልሞላም። ጠያቂዋን ውጪም ቅሪም አላለቻትም። ዓመቶቿን እንድትቆጥር ብቻ ነገረቻት።

እኔ እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ለዕድሜ ልክ ጥያቄ የሁለት ዓመት መልስ እየሰጠን እንደነበር የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ፈተና፣ ወረቀት፣ ቋንቋ ሁሉም የመውጫው በር ላይ ያልቃሉ። ከበሩ በኋላ ያለውን የቆጠረ አልነበረም።

28ኛው ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ ቆጠረላት። እዚህ አገር የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። የዕድሜ ጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ከደሞዟ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። ስድስት ዓመት ላይ የወጣ ሰው መሀል መንገድ ላይ ነው የወረደው። ከመልቀቋ በፊት ማኅበራዊ ዋስትና ሄዳ መብቷን ትጠይቅ። 29ኛው ያው የሪያዱ ልጅ ነው፣ ተመልሶ መጣ። እዚያ ለውጭ ሰው የወር ጡረታ የለም፤ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው በየዓመቱ የሙሉ ወር። ኢቃማውም (የመኖሪያ ፈቃዱም) ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ገንዘቡን ወደ ቤት መሥሪያ የሚለውጠው ራሱ ሰውየው ነው፣ አለበለዚያ የዓመታት ደሞዙ ሠርግና ልቅሶ ላይ ተበትኖ ይቀራል። የራሱ እየተበተነ እንደሆነም አልደበቀም። 30ኛዋ፣ ሜሪላንዷ፣ የአሜሪካን ጨመረች፦ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለመንግሥት ጡረታቸው፣ 40 ክሬዲት (የሥራ ነጥብ)፣ በዓመት ቢበዛ አራት ስለሚቆጠር 10 ዓመት። 27ኛዋ ስድስት ይቀራታል፤ 49 ዓመቷ ላይ ትሞላለች። ተስፋ እንዳትቆርጥ ጻፈችላት። እዚያም 10፣ እዚህም 10።

31ኛው ወራት ያለፈው የዱቲ ክፍያ ስላልተከፈለው አማረረ። ከሱ ተነስቶ ወሬው በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወደነበረው የጤና ባለሙያዎች የሥራ ማቆም አድማ ሄደ። 32ና 33 ተሰርዘዋል። ምን እንደነበሩ አላየሁም፣ ግን መገመት አይከብድም።

34ኛው ማስተርስ ትያዝ የሚል ነው። የትኛውን? አልጻፈም። ይህን ምክር በየቀኑ እሰማለሁ፣ ማስተርስ ያዥ፣ ማስተርስ ያዥ። ኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ይዛ ቢሮ የገባች ነርስ ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል፣ ግን ጠያቂዋ ነርስ ሆኜ ነው ያለችው።

ሲስተር 35ኛ ሆነው ተመለሱ። ምክር አልሰጧትም፣ ጠየቋት። ዋርዱ ላይ ሰዓቱ የማይታወቃት ምን ስትሠራ ነው? 36ኛው መልስ የራሷ የልጅቷ ነው፣ ከ35 መልስ በኋላ የመጀመሪያዋ። ድሬሲንግ (ቁስል ማጠብና ማሸግ)፣ አለች። በተለይ የስኳር ሕሙማን እግር። ጓደኞቿ ሽታውን ፈርተው ይሸሹታል። እሷ ግን ሥር የሰደደ ቁስል በየሁለት ቀኑ ስትከፍተው ዳር ዳሩ ሲቀላ፣ ሥጋ መሙላት ሲጀምር ማየት ትወዳለች። አንድ አርሶ አደር ጣቱ ሊቆረጥ ነበር፣ ሰባት ሳምንት አጠበችለት፣ ሳይቆረጥ ወጣ። ለሰው ማውራት ስለሚያሳፍር ነው ያልተናገረችው።

37ኛው የሲስተር ነው። ወደ ሜትሮኗ፣ ወደ ሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ፣ ሄዳ በሳምንት አንድ ቀን የቁስል ክትትል ተመላላሽ ክፍል እንዲከፈት እንድትጠይቅ ነገሯት። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። በ50 ዓመት ዕድሜም ይሠራል። የቁስሉን ርዝመትና ስፋት በማስመሪያ ለክታ ከቀኑ ጋር የምትጽፍበት ደብተር ከነገ ጀምሮ ትያዝ። ማን እንዳስተማራት፣ ስንት ሰው እንዳየች፣ ሁሉንም። ለሜትሮኗም፣ ለማስተርሱ ቃለ መጠይቅም፣ ለዳታፍሎውም የሚያገለግለው ያው ደብተር ነው። እምቢ ካሏት በሦስት ወሩ ደግማ ትጠይቅ፤ እሳቸው ኦፕሬሽን ክፍል የገቡት በአራተኛው ማመልከቻ ነው።

38ኛው ሰው 26ኛውን አስታወሰ። ጫማው ብዙም ለውጥ እንደሌለው፣ ዋናው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲ እንደሆነ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ መልበስ እንደሚሻል ጻፈ። ልጅቷ ከሥሩ ቁጥር ስንት እንደሚሆናት ጠይቃዋለች።